አለማወቃችሁን ይዛችሁ ኑ፦ በድሬዳዋ ለምታስተምሩ የቋንቋ መምህራን ግልጽ ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

በድሬዳዋ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛና እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ሁሉ፣

ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ወር፣ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ፣ ኮምፒውተሩ ያተመለትን ቁራጭ ወረቀት ሲያገላብጥ ቆየ። የመመለሻው ቀን የታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «እትዬ፣ 2024 ይላል እኮ። እኛ ያለነው 2017 ላይ ነው። 7 ዓመት ሰጣችሁኝ ማለት ነው?» አለኝ። ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ቀኑን በእስክሪብቶ አስተካክዬ ሸኘሁት።

ነገሩ የከነከነኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። በዚያ ኮምፒውተር ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳተምኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሥራውን በጀመርኩበት ሳምንት ግን እኔም እንደ ልጁ ግራ ተጋብቼ፣ የእነሱን ወር ወደ እኛ ወር ለመመለስ በጣቴ እቆጥር እንደነበር ትዝ አለኝ። ከወር በኋላ ለመድኩት። ከለመድኩት በኋላ ደግሞ ግራ መጋባቴን ረሳሁት። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ለረዳቴ የሥራ መመሪያ ጽፌያለሁ፤ ስምንት ገጽ ነው። ስለ ቀኑ አንዲት መስመር የለበትም።

የምጽፍላችሁ ስለዚህ መርሳት ነው፤ ማንም በነጻ ለሚወስዳቸው ፕሮግራሞች መመሪያ በመጻፍ እንድታግዙም ልለምናችሁ ነው።

እኔ አማርኛ 19 ዓመት አስተምሬ፣ ጉሮሮዬ ሲያስቸግረኝ ወደ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የተዛወርኩ ሰው ነኝ። ፕሮግራም መጻፍ አልችልም፤ በዚህ ዕድሜዬ ለመማርም አሳብ የለኝም። የምንሠራበት ፕሮግራም ኮሃ ይባላል። አመጣጡን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። በኒውዚላንድ ሆሮፌኑዋ በሚባል አካባቢ ያሉ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበት አሮጌ ሥርዓት 2000 እ.ኤ.አ. ሲገባ ቀኑን መቁጠር እንደሚያቅተው ታወቀ። በ1999 ካቲፖ ኮሙኒኬሽንስ የተባለ አነስተኛ ድርጅት አዲስ ፕሮግራም ሠራላቸው፤ በጥር 2000 ሥራ ጀመረ። ከዚያም ለብቻቸው አልያዙትም። ማንም እንዲወስደው፣ እንዲጠቀምበት፣ እንዲለውጠውና ለሌላ እንዲያስተላልፈው በሚፈቅድ ሕግ፣ ጂኤንዩ ጂፒኤል በሚሉት ፈቃድ ለቀቁት። ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ይህን የመሰለ ነው። ዛሬ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ገብቷል። ኮሃ የማኦሪ ቃል ነው፤ ስጦታ ማለት ነው፤ ነገር ግን ተቀብለው ዝም የማይሉት፣ ብድሩን የሚመልሱት ዓይነት ስጦታ። ከእኛ ቃል ቢፈለግለት «ውለታ» ይቀርበዋል።

ውለታውን በምን እንመልስ? ፕሮግራሙን እንዳናሻሽል አንችልበትም። እኔም ለረጅም ጊዜ ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በድሬዳዋ ባቡር ወርክሾፕ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከተማችን በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ሸሚንደፈር ወልዶ ያሳደጋት መሆኗን ለእናንተ አልነግራችሁም። ከባቡሩ ጋር የመጣው የጥገና መመሪያ በፈረንሳይኛ ነበር። አባቴ ሞተር ፈትቶ አያውቅም። መለዋወጫ ለማስረከብ ወርክሾፑ ውስጥ ሲመላለስ ግን መካኒኮቹ የሚሠሩትን ቆሞ ያያል፤ «አሁን ምን አደረግህ? ለምን?» ብሎ ያደርቃቸዋል። መልሱን ማታ ማታ በደብተር ላይ በአማርኛ ይጽፋል። ካረፈ በኋላ ያንን ደብተር አገኘሁት። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቡሎኑን ከመንካትህ በፊት የፍሬኑን አየር አስወጣ። ጆሮህን አስጠጋ። ትስ የሚለው ድምፅ ፈጽሞ እስኪያቆም እጅህን አትስደድ።»

ጽሑፉን መካኒክ ጽፎት ቢሆን «ጆሮህን አስጠጋ» የምትለውን አናገኛትም ነበር። መካኒኩ ያዳምጣል እንጂ ማዳመጡን አያውቀውም። ያየው ሥራውን የማያውቀው ጸሐፊ ነው። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ወደ ግምጃ ቤቱ መስኮት እየመጡ «ጋሼ፣ ደብተርዎን» ይሉት እንደነበር እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች። «ደብተርዎን» የሚለው የእርሷ ጨዋነት ሳይሆን አይቀርም፤ ድሬ ላይ ማን «እርስዎ» ሲል ተሰምቶ ያውቃል?

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎችም እንደ መካኒኩ ናቸው። ክፋት አይደለም፤ ማወቃቸው ነው የሚጋርዳቸው። የክፍት ምንጭ ሥራዎች የሚከማቹበት ጊትሀብ የተባለው ድረ ገጽ በ2017 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጥናት፣ ከመላሾቹ 93 ከመቶው ያልተሟላ ወይም ጊዜ ያለፈበት መመሪያ እንደሚያጋጥማቸው ተናግረዋል። በዚያው ጥናት ለእነዚህ ሥራዎች አስተዋጽኦ ከሚያደርጉት 60 ከመቶው መመሪያ የሚጽፉት ከስንት አንዴ ነው፣ ወይም ከናካቴው አይጽፉም። ሁሉም ይራባል፤ እንጀራውን የሚጋግር የለም። እኛ ደግሞ በየክፍላችን አርባና ሃምሳ ልጅ አስቀምጠን ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ እናስተምራለን፤ ጽሑፋቸውን አርመን እንመልሳለን፤ ወረቀቱ በሰኔ ስኳር መጠቅለያ ይሆናል።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ስሙ ከራሱ ይልቅ ያስፈራልና። የመጀመሪያዬ አንድ ቃል ነበረች። የአንድ ፕሮግራም መመሪያ (የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም) «አስቀምጥ የሚለውን ተጫን» ይላል። ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል አዝራር የለም። አርባ ደቂቃ ፈለግኩ፤ መነጽሬን ወቀስኩ፤ ልጄን ጠራሁ። በአዲሱ እትም አዝራሩ ስሙን ለውጦ ኖሯል፤ መመሪያውን ግን ማንም አልነካውም። ለመመሪያው አዘጋጆች ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ ገጹ ይህ ነው፣ እንዲህ ይላል፣ እኔ ስክሪኑ ላይ ያየሁት ይህን ነው። እንግሊዝኛዬ የገበያ እንግሊዝኛ ነው፤ ለሦስት መስመር ግን በቃኝ። በአራተኛው ቀን የማላውቀው ሰው አመስግኖ ጻፈልኝ፤ ቃሉም ተስተካከለ። ሳቢያን ውስጥ ካለ ቤቴ ሆኜ ስንት ሰው አርባ ደቂቃ እንደተረፈለት ሳስብ፣ እውነቱን ልናገርና ኮራሁ።

ሁለተኛው ተመለሰብኝ። መጽሐፍ ያዘገዩ ተዋሾችን ዝርዝር እንዴት እንደሚያወጡ የሚያስረዳ ገጽ ጽፌ፣ እንዲገባቸው ብዬ የስክሪኑን ፎቶ አያይዤ ላክሁ። የሚላከውን የምትመረምረው ገምጋሚ ሁለት ነገር መለሰችልኝ። አንደኛ፣ ሦስት የተለያዩ ለውጦች በአንድ ላይ አጭቀሻል፤ ነጥለሽ አንድ በአንድ ላኪ። ሁለተኛ፣ ፎቶው ላይ የተማሪዎችሽ ስምና የወላጆቻቸው ስልክ ቁጥር ይነበባል፤ አሁኑኑ አንሺው። ደነገጥኩ፤ አፈርኩ። 19 ዓመት ቀዩን እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ለምሳሌ የሚሆን የውሸት ተማሪ መዝግቤ አለኝ፤ ሁልጊዜ መጽሐፍ የሚያዘገየው እርሱ ነው።

ስለ መሣሪያው የምትፈሩ ካላችሁ አጭር ነው። የኮሃ መመሪያ ጊትላብ በሚባል ድረ ገጽ ላይ የተቀመጠ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ርእስና ንኡስ ርእስ የሚለዩበት ጥቂት ምልክቶች አሉት፤ ማን ምን እንደለወጠ ሁሉ ተመዝግቦ ይኖራል፤ የሚበላሽ ነገር ቢኖር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሊብረኦፊስ የሚባለው፣ ደብዳቤና ሠንጠረዥ የሚሠራበት ክፍት ምንጭ ፕሮግራም መመሪያዎች ደግሞ የሚጻፉት በራሱ በሊብረኦፊስ መጻፊያ ነው። በኮምፒውተር ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ለመጀመር ሌላ የሚማረው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እዚህ ድሬዳዋ ያለነው ብቻ ልንጽፈው ወደምንችለው።

ኮሃ ተዋሽ ሲመዘገብ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለው፤ እኛ ዘንድ እርሱ ካልተሞላ አላሳልፍም ይላል። የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። በእኛ ቤተ መጻሕፍት ሦስት ሰዎች ተራ በተራ መዝግበናል፤ አንዳችን የአባትን ስም አስገባን፣ አንዳችን የአያትን፣ ሦስተኛችን ሦስቱንም በአንዱ ሳጥን ውስጥ ከተትን። በከተማችን ስንት አህመድ መሐመድ እንዳለ ታውቃላችሁ። የአንዱ አህመድ ያልተመለሰ መጽሐፍ ለሌላው አህመድ ቤት ተጻፈ። እናትየው ቀፊራ ላይ የዘረጋችውን አትክልት ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ በፀሐይ፣ ልጇን እየጎተተች መጣች። ልጁ ያልሠራውን ሲክድ፣ እርሷ ስትማታ፣ እኔ ስክሪኑ ላይ ሁለቱን አህመዶች ጎን ለጎን እያየሁ ቃል አጣሁ። ይቅርታ ጠይቄ ውኃ አቀረብኩላት። ውኃውን ጠጥታ «ኮምፒውተር እያለ እንዴት ይሳሳታል?» አለችኝ።

የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ባለው አገር ነው ያደጉት፤ ይህ ጥያቄ መኖሩን በምን ያውቃሉ? ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ነው የሚጎድለው፦ የኢትዮጵያ ስም እንዲህ ነው፣ ስለዚህ በዚህ ሳጥን ይህን፣ በዚያኛው ያንን አስገቡ፣ ሁላችሁም አንድ ዓይነት አድርጉ። ያንን ግማሽ ገጽ ኦስሎም ሆነ ዌሊንግተን ያለ ሰው አይጽፈውም።

የፊደላችንም ነገር አለ። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. ግእዝን ሲያካትት ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው፤ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ትክክልም ነው። ግን ለእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ለማሽኑ ሌላ ነው። ካታሎጋችን ውስጥ «ፀሐይ» ተብሎ የገባውን መጽሐፍ ልጁ «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ የለም ይባላል፤ መጽሐፉ ግን ከኋላው መደርደሪያ ላይ ነው። አንድ መዝጋቢ ርእሱን እንዴት ይጻፍ? በሌላው አጻጻፍስ እንዴት እንዲገኝ ያድርግ? ይህ የቋንቋ መምህር ጥያቄ ነው እንጂ የፕሮግራመር አይደለም።

ትርጉሙ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ኮሃም ሊብረኦፊስም የሚተረጎሙት ዌብሌት በሚባል መሣሪያ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛው ይታያል፣ ከሥሩ የእናንተን ቃል የምትጽፉበት ሳጥን አለ። ቀላል ይመስላል። እንግሊዝኛው «ክፈት» ሲል ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ አይጠይቅም። አማርኛ ይጠይቃል፦ ክፈት፣ ክፈቺ፣ ይክፈቱ፣ ክፈቱ። አንዱ ተርጓሚ በ«አንተ» ጀምሮ ሌላው በ«እርስዎ» ሲቀጥል፣ አንድ ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ይጠራችሁና ቀጥሎ ይሰግድላችኋል። «ይቅር» የምትለዋን አዝራርስ አይታችኋት ታውቃላችሁ? ሥራውን ተወው ለማለት ነው። አንዲት ተማሪዬ ግን «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ልጅ ሊረዳኝ ብሎ ሙሉ ገጽ በማሽን አስተርጉሞ አመጣ። ለዘገየ መጽሐፍ የሚከፈለው ቅጣት በእንግሊዝኛ «ፋይን» ነው፤ ማሽኑ «ጥሩ» ብሎ መልሶታል። «ያልተከፈለ ጥሩ፦ 15 ብር።» እስከ ዛሬ በቤታችን መጽሐፍ ያዘገየ ሁሉ ጥሩ አለበት ነው የሚባለው።

ይህን ለአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ሳወራው «ለፈረንጅ በነጻ ልልፋ?» አለኝ። ጥያቄውን አልናቅኩትም። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ማናችንም አንነጋገርበትም። ክፍያ የለውም፤ ደቦ ነው ብዬም አላሳምረውም፤ በደቦ እንኳ ጠላ አለ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ ትምህርት ቤታችን ለዚህ ፕሮግራም ለባለቤቱ አንዲት ሳንቲም አልከፈለም፤ እኔ ያረምኳትን መስመር ነገ የሚያነብባት ደግሞ ፈረንጁ ብቻ አይደለም፣ የጅግጅጋና የአሰላ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ነው። አልተስማማም። አሁንም ማኪያቶ አብረን እንጠጣለን።

የምለምናችሁ እንግዲህ ይህን ነው። ገላጭ ድርሰት በምታስተምሩበት ሳምንት «የከተማችን ውበት» የሚለውን ርእስ አንድ ጊዜ ተዉትና ለልጆቹ እንዲህ በሏቸው፦ ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ አክስታችሁ አንድ ፋይል ከፍታ፣ ጽፋ፣ አስቀምጣ እንድትዘጋ የሚያደርግ አንድ ገጽ ጻፉ። ከዚያ ገጹን ለሌላ ልጅ ስጡና በተጻፈው ብቻ ያለ ምንም ጥያቄ እንዲሠራ አድርጉ። ጸሐፊው ከአጠገቡ ቆሞ አፉን ይዝጋ። ሠሪው የት ላይ እንደቆመ ምልክት ያድርግ። ይህን በ11ኛ ክፍል ልጆች ሞክሬዋለሁ፤ ከሰላሳ ሁለቱ ገጾች አንዱም ሳይቆም አልሄደም፤ አብዛኞቹ የቆሙት «አስቀምጥ» ከተባለ በኋላ «የት?» በሚለው ላይ ነው። እኔም እዚያው ላይ እቆም ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት።

በመጀመሪያው ሳምንት የምላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አለማወቅ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው፤ እንደ ቀፊራ ቲማቲም። ዛሬ ግራ ያጋባችሁን ዛሬ ካልጻፋችሁት በሚቀጥለው ወር ስለምትለምዱት አታገኙትም። ስለዚህ «መጀመሪያ ልማርና በኋላ እረዳለሁ» አትበሉኝ። ያልተማራችሁትን ነው የምፈልገው። አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ የምታስተምሩ ደግሞ ስለ ቋንቋችሁ እኔ የማላየውን ታያላችሁ፤ በማዋሻ ጠረጴዛዬ ፊት ከሚሰለፉት ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት እናንተ የምታስተምሩትን ነው።

ርእሰ መምህራችን ቤተ መጻሕፍቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እንድንጠቀምበት ፈቅደዋል። (3 ሰዓት ስል የእኛን 3 ሰዓት ነው፤ ግብዣውን በኮምፒውተር የላክሁላቸው ሁለት ሰዎች ገና ሳይነጋ መጥተው ዘበኛውን አስደንግጠዋል።) ከ6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ስድስት ኮምፒውተር አለን፤ አራቱ ይሠራሉ። መብራት ከጠፋ በወረቀት እንጽፋለን፤ ደብተር ይዛችሁ ኑ። ሁለት ሁለት ተማሪ ብታመጡ ይበቃል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ኮምፒውተር አልወድም የሚለውን መምህር አምጡልኝ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሥራ መርጫለሁ፤ ያቺ የስም ግማሽ ገጽ ናት። ረቂቁን ጽፌ በአንዱ መስመር ላይ ቆሜያለሁ። እኔ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን የአባት ስም ይግባ እላለሁ። የሒሳብ መምህራችን የአያት ነው እንጂ ይላል፤ ፓስፖርትን ምሳሌ ያመጣል። ረዳቴ ደግሞ የራስን ስም እዚያ አስገብተን፣ የአባትና የአያትን በሌላው ሳጥን እናድርግ፣ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው ትላለች፤ እያሰብኩት በሄድኩ ቁጥር የእርሷ ነገር እየከበደኝ መጥቷል። የእናንተን መዝገብ እንዴት እንደምትይዙ ሳልሰማ አልዘጋውም። ሁለቱ አህመዶች እስከዚያ ድረስ በመታወቂያ ቁጥር ነው የሚዋሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ